ጨጓራ የለብኝም

ሠላሳ ዓመት ያህል የሰው ሰገራ ስመረምር ኖሬያለሁ፤ አንድም ቀን አቅለሽልሾኝ አያውቅም። የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነበርኩ። ጠዋት ስገባ በትንንሽ ብልቃጥ ተደርድሮ ይጠብቀኛል። በስንጥር ነካ አድርጌ መስታወት ላይ እቀባና በማይክሮስኮፕ አጎንብሼ አሜባውን፣ ጃርዲያውን፣ የወስፋቱን እንቁላል እለያለሁ። ስጨርስ ጓንቴን አውልቄ፣ እጄን ታጥቤ፣ ምሳዬን በደንብ እበላለሁ።

የሚያንገሸግሸኝ ሌላ ነው። ሰው በእጁ ጠቅልሎ ወደ አፌ የሚያመጣው ጉርሻ ነው። የጣቱ ሙቀት፣ በጣቶቹ መሃል የሚወርደው ወጥ፣ ከንፈሬን የሚቧጥጠው ጥፍር። አጠገቤ ያለ ሰው ሲያኝክ የሚሰማው ጧ ጧ የሚል ድምፅ። ሰዎች ስመውኝ ሲለዩ ጉንጬ ላይ የሚቀረው እርጥበት። ታክሲ ውስጥ የማላውቀው ሰው ክንድ በላብ ከክንዴ ጋር ሲጣበቅ። ይህን ስጽፍ እንኳ ምላሴ ሥር ምራቅ እየሞላ ነው፤ ሁለቴ ተነስቼ ተፍቻለሁ።

አሁን ስድሳ ልደፍን ትንሽ ነው የቀረኝ። ይህ ነገር ምን እንደሆነ ያወቅኩት ግን በቅርቡ ነው። እስከዚያ ድረስ ለሰው ጨጓራ ያለባት ሴት ነበርኩ፤ ለራሴ ደግሞ ከሁሉም የጸዳች ሴት። ሁለቱም ልክ አልነበሩም።

ያደግኩት ወለጋ ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። አባቴ ወንጌላዊ ስለነበር ቤታችን እንግዳ አያጣም፤ እንግዳ ሁሉ ደግሞ የቤቱን ልጆች ሳያጎርስ አይነሳም። አንድ ጊዜ ከገጠር የመጡ ሽማግሌ፣ ጢማቸው ላይ እርጎ እንደደረቀ፣ ያላመጡትን ሳይውጡ ጉርሻ ዘረጉልኝ። አፌን ገጠምኩ። እናቴ በጀርባዬ በኩል ቆነጠጠችኝ። ከፈትኩ፣ ዋጥኩ፣ አመሰገንኩ፣ ከዚያም ጓሮ ሮጬ ከሙዙ ሥር አስመለስኩት። እናቴ ተከትላኝ መጥታ ነበር። ልጅ ሆኖ ሰው የሚጠየፍ ሲያድግ እግዜርንም ይጠየፋል አለችኝ። ኩራት ነው አለች። እኔም ኩራት ይሆናል ብዬ አመንኩ፤ ሌላ ስም የሰጠኝ አልነበረም።

መውጫ ያገኘሁት ከአክስቴ ነው። አክስቴ ጨጓራ ነበረባት። ድግስ ላይ ጉርሻ ሲመጣባት ሆዷን ያዝ አድርጋ "ጨጓራዬ" ትላለች፤ ሰውም "እግዚአብሔር ይማርሽ" ብሎ እጁን ይመልሳል። ማንም አይቀየማትም። አሥረኛ ክፍል ስገባ እኔም ጨጓራ ያዘኝ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በሄድኩበት ሁሉ ሆዴን ይዤ ኖርኩ።

ባለቤቴ ሲያገባኝ ይህን ጨጓራ አብሮ አገባ። መንገድ ሥራ ላይ የነበረ መሐንዲስ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ሰው የማያስቀይም። በተጋባን በመጀመሪያው ወር ተልባ ለጨጓራ ፍቱን ነው ሲሉ ሰምቶ መጣ። ማታ ይዘፈዝፈዋል፣ ጠዋት በብርጭቆ ሞልቶ አልጋ ድረስ ያመጣልኛል። ተልባ ውሃ ውስጥ ሲያድር ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል። እንደ ንፍጥ ይሳባል። አንዱን ጉንጭ ስውጥ የቀረው ከብርጭቆው ላይ ተንጠልጥሎ ይከተለኛል። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ትንፋሼን ይዤ እጨርሰዋለሁ። እሱ ቆሞ ያየኛል፤ ባዶውን ብርጭቆ ሲቀበለኝ ፊቱ ላይ የሚታየው ደስታ ልቤን ይበላዋል። የሌለብኝን በሽታ በየቀኑ በሚያስመልሰኝ መድኃኒት ስታከም ኖርኩ። ኢንዶስኮፒ ላስደርግሽ ሲለኝ፣ ራሴ ሐኪም ቤት እየሠራሁ፣ ቀላል አሲድ ነው እያልኩ አሳለፍኩት።

ጎሮ ኮንዶሚኒየም ደርሶን ስንገባ የቤቱን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ትሪ አይቀርብም። ሰው ሁሉ በየሰሃኑ፣ በየሹካው፤ እኔ ደግሞ ጨጓራዬን አሳብቤ ከሁሉም በኋላ ለብቻዬ። ልጃችን አንድ ናት፤ እሷንም እንዲሁ አሳደግኳት። ሰው ቤት ሄደን ስንመለስ ደረጃውን እየወጣን የሰውን ሁሉ አበላል እዘረዝራለሁ፤ ማን እጁን ሳይታጠብ እንደቀረበ፣ ማን ጣቱን እንደላሰ፣ ማን አፉ ሞልቶ እንዳወራ። ጎረቤት ቤታችን ሲገባ "እንዴት ያለ ንጹሕ ቤት ነው" ይላል። ይህን ቃል እንደ ዘውድ ደፍቼው ነበር። ጨጓራው ለሰው የማወራው ነበር እንጂ፣ በሆዴ ግን እኔ ንጹሕ ነኝ፣ ሌላው ቆሻሻ ነው፣ በቃ።

እዚያው ጎሮ የሴቶች የጸሎት ኅብረት ነበረን። በየተራ ቤት እንሰበሰባለን፤ ጸሎቱ ሲያልቅ ምግብ ይቀርባል። እኔ ሆዴን ይዤ ዳቦ ብቻ እቆርሳለሁ። አንድ ቀን ከመሃላችን ትንቢት ትናገራለች የምትባለው ሴት ይህ ጨጓራ አይደለም፣ የትዕቢት መንፈስ ነው አለች። ከበቡኝ። አንዷ ዘይት ግንባሬ ላይ አፈሰሰች፤ ዘይቱ በአፍንጫዬ ዳር ወርዶ ከንፈሬ ላይ ቆመ። ሌላዋ መዳፏን ሆዴ ላይ ጫነች። ትንቢተኛዋ ፊቴ ላይ ተጠግታ ስትጮህ የነጭ ሽንኩርት ትንፋሿ ይገርፈኛል፣ ምራቋ ዓይኔ ሥር ያርፋል። ማቆሚያ የለውም። ልጮህ ስል አንድ ነገር ገባኝ፤ ካልወደቅኩ አይለቁኝም። ወደቅኩ። ሃሌሉያ ተባለ፣ እልልታ ቀለጠ፣ ሁሉም አለቀሱ።

ያላሰብኩት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ተፈውሳለች ተባለና ትሪው ቀረበ፤ ፈውሴን ሊያረጋግጡ በየተራ አጎረሱኝ። የሁሉንም ጉርሻ፣ የሁሉንም ጣት ዋጥኩ። ዓይኔ እንባ ሲሞላ በምስጋና መሰላቸው። ቤቴ ደርሼ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተንበርክኬ አስመለስኩ፤ ከምግቡ በኋላ ሐሞቴ ወጣ። ወደ ኅብረቱ አልተመለስኩም። የሥራ ፈረቃ ተቀየረብኝ አልኩ።

ነገሩ ሁሉ የፈነዳው በልጄ ሠርግ ነው።

ልጄ ቦሌ አንድ ቢሮ ትሠራለች። ያገባችው ልጅ ጨዋ ነው፤ ቤተሰቦቹም እንደኛ ጴንጤ ናቸው፣ ቤታቸው ሳሊተ ምሕረት ነው። እናቱ ሾላ ገበያ ቅቤ ነግዳ ብቻዋን ልጆች ያሳደገች፣ ስትስቅ ትከሻዋ የሚንቀጠቀጥ ግዙፍ ሴት ናት። ሠርጉ በሰላም አለፈ፤ አዳራሽ ውስጥ ሰው ብዙ ስለሆነ እኔን የሚያይ አልነበረም። የቅልቅሉ ቀን ግን ግቢያቸው ውስጥ ድንኳን ተጥሎ፣ ክትፎ በጣባ ቀርቦ፣ ቆጮው ተቆራርጦ፣ እኔና እሷ ፊት ለፊት ተቀመጥን።

ምርቃቱ እንዳለቀ ተነሳች። እናት ለእናት መጎራረስ አለብን ስትል ሰው አጨበጨበ። ቪዲዮ የሚቀርጸው ሰውዬ መብራቱን ይዞ ተጠጋ። በእጇ የያዘችው ጉርሻ የቡጢ ያህል ነው። ክትፎው ለብ ብሎ፣ አይቡ ዳር ዳሩን አፈትልኮ፣ ቅቤው ከአንጓዋ አልፎ የወርቅ አምባሯን አርሶት ወደ ክርኗ ይወርዳል። ሆዴን ያዝኩ። ጨጓራ አለብኝ አልኳት። ይሄ ለስላሳ ነው፣ ጥርስ ያላወጣ ሕፃን ይበላዋል አለችና ሰውን አሳቀች። ልጄ ከማዶ በዓይኗ ትለምነኛለች። አፌን ከፈትኩ።

ሥጋው ሞቅ ያለ ነበር። ቅቤው ላንቃዬ ላይ ተለጠፈ። ሁሉንም ለማስገባት በአውራ ጣቷ ስትገፋው ጣቷ ምላሴን ነካው፤ ቅቤና ሳሙና፣ ከሥሩ ደግሞ የሰው ቆዳ ቀመስኩ። ከዚያ በኋላ ያደረግኩት እኔ ያደረግኩት አይመስለኝም። ጉርሻውን መልሼ እጇ ላይ ተፋሁት፤ የጠጣሁትም ተከትሎት ነጭ የሐበሻ ቀሚሷ ላይ፣ ከደረቷ እስከ ጥለቱ፣ ወረደ። ዘማሪዎቹ አቆሙ። አንድ ሰው ፎጣ እያለ ይጣራል። እሷ እጇን እንደዘረጋች ቀረች፤ መዳፏ ላይ የእኔ አፍ የተፋው ሥጋ አለ። የልጄን ፊት አንዴ አየሁትና ዳግም አላየሁትም።

ባለቤቴ ደግፎ መኪና ውስጥ አስገባኝ። ከሳሊተ ምሕረት ጎሮ እስክንደርስ ስለ ጨጓራ ሐኪሞች አወራ። በማግሥቱ ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ ሄዶ ሕመሟ ተነስቶባት ነው ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታውን በአፍ ተቀበሉ። ዞሮ ዞሮ ጆሮዬ የደረሰው ወሬ ግን ሌላ ነበር፤ የልጄ አማት "ተጠይፋኛለች፤ ሆዷ ሳይሆን ዓይኗ ነው የተፋኝ" ብላለች። ልጄ አትደውልም ነበር። እኔ ስደውል ስብሰባ ላይ ነኝ ትላለች።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ አባቷ የሌለበትን ሰዓት ጠብቃ፣ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። አልተሳሳምንም። ቪዲዮው ደርሷል፣ እይው አለችኝ። አይቻለሁ፣ እዚያው ነበርኩ አልኳት። አላየሽም አለችና ከፈተችው።

የራሴን ፊት ያን ጊዜ አየሁት። የጠበቅኩት የንቀት ፊት ነበር፤ እናቴ የነገረችኝ፣ ትንቢተኛዋ ያወጣችው ኩራት። ያየሁት ግን ሊታረድ የተጎተተ በግ ነው። ዓይኔ ተበልጥጧል፣ አንገቴ ላይ ሥሮቼ ተገትረዋል። ግራ እጄ ደግሞ፣ ሰው እንዳያየው ነጠላዬ ሥር ገብቶ፣ ጣቶቼ አንዱ ሌላውን ቶሎ ቶሎ ይፈትጉታል፤ ማቆሚያ የላቸውም። ይህን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። ልጄን እጄ ምን ሆኖ ነው አልኳት።

"ሁልጊዜ ታደርጊዋለሽ" አለችኝ። "ከልጅነቴ ጀምሮ። እንግዳ ሲመጣ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን። እማዬ፣ ጨጓራ እንዲህ አያደርግም።"

የሆነ ነገር ኦንላይን እያነበበች እንደነበርና ለእኔ አፖይንትመንት እንዳስያዘችልኝ ነገረችኝ። ተቆጣሁ። እብድ ነሽ ልትይኝ ነው ወይ አልኳት። ቪዲዮውን ዘግታ ቀኑንና ሰዓቱን ብቻ ነገረችኝ።

ቦታው ከአትላስ ወረድ ብሎ ካሉት ፎቆች በአንዱ ላይ ነው። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ እንጆሪ እንጆሪ የሚል ሽታ በየደቂቃው የሚረጭ ዕቃ ግድግዳው ላይ ነበር፤ መሐረብ በአፍንጫዬ ይዤ ተቀመጥኩ። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ከልጄ ብዙ የማትበልጥ ሴት ናት። መሐረቡን አየችና ሳትጠይቀኝ ዕቃውን ነቅላ መስኮት ከፈተች። ስለ ምግብ ትጠይቀኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ የጠየቀችኝ ስለ ልብስ ነው። የልብስ አንገት ላይ የሚሰፋው የምልክት ቁራጭ ጨርቅ ምን ያደርገኝ እንደሆነ። ገና ስገዛው ነው የምቆርጠው አልኳት። ሰው ቤት ውዬ ስመለስ ምን እንደማደርግ ጠየቀችኝ። ክፍሉን አጨልሜ እተኛለሁ አልኳት። ስብሰባ ከመሄዴ በፊትስ። የምናገረውን መታጠቢያ ቤት ውስጥ እለማመዳለሁ። አሁን ስናወራ የት ነው የሚያዩት አለችኝ። የጆሮ ጌጥሽን አልኳት፤ ዓይኗን አለማየቴ ያኔ ለራሴም ገረመኝ።

መጨረሻ ላይ ስለ ሥራዬ ነገርኳት። ሰገራው አይቀፍዎትም ነበር ወይ አለች። ለምን ይቀፈኛል አልኳት፤ ብልቃጥ ውስጥ ነው፣ ጓንት አለ፣ አይነካኝም፣ ድንገት አይመጣብኝም።

"እንግዲያው የሚያስጠላዎት ቆሻሻ አይደለም" አለችኝ።

በለሆሳስ ነው ያለችው፤ ልታስከፋኝ አልፈለገችም። እኔ ግን ኩራተኛ ስባል እንኳ እንደዚያ አልተሰማኝም ነበር። ንጹሕ ሴት መሆኔ ነበር የቀረኝ። የሰው ሰገራ ሳይቀፈኝ የልጄን አማት፣ የጎረቤቴን፣ የባሌን ጣት ቆሻሻ ስል ኖሬያለሁ ማለት ነው።

በአንድ ቀን አይወሰንም ብላኝ ደጋግሜ ሄድኩ። ልጄንም አነጋገረቻት። በኋላ ስሙን ነገረችኝ፤ ኦቲዝም። እሱ የልጆች አይደለም እንዴ አልኳት። ልጆቹም ያድጋሉ አለችኝ፤ እኛ ልጅ ሳለን ስሙን የሚያውቅ አልነበረም፣ በተለይ ሴት ልጅ ጸጥ ካለች ጨዋ ትባልና ትታለፋለች። ድምፁም፣ ሽታውም፣ የሰው እጅም ከሌላው ሰው ይልቅ በእጥፍ ጮሆ እንደሚደርሰኝ አስረዳችኝ። ኩራትም መንፈስም አይደለም፤ የሆድ ሕመምም አይደለም። ሲፈጠሩ እንዲህ ነዎት አለችኝ።

ሰው እንዲህ ሲባል እፎይ ይላል ይባላል። እኔ አላልኩም። ወጥቼ በእግሬ ወደ ቦሌ መንገድ ሄድኩ፤ ምሽቱ እየያዘ ነበር። ከየምግብ ቤቱ የጥብስ ጭስ ይወጣል፤ በረንዳ ላይ ሰው እየተጎራረሰ ይስቃል፣ ጣቱን ይልሳል፣ አፉን ሳይዘጋ ያወራል። ሁሉም አስጠሉኝ። ከእነሱ ይልቅ ግን እኔው ለራሴ አስጠላሁ። የሽማግሌው እርጎ፣ የሴቶቹ ጣት፣ ያ ሁሉ ብርጭቆ ተልባ፤ ልጅ ሆኜ "አልፈልግም" የምትል አንዲት ቃል ብችል ኖሮ አንዱንም አልውጠውም ነበር። አንድ አጥር ተደግፌ አስመለስኩ። አንዲት ሴት ቆማ አይዞሽ እናቴ፣ ምን ሆነሽ ነው አለችኝ። ጨጓራዬ ነው አልኳት። አፌ ለምዶታል።

በማግሥቱ ባለቤቴ ብርጭቆውን ይዞ ሲመጣ አልተቀበልኩትም።

"ጨጓራ የለብኝም" አልኩት።

መቼ ተሻለሽ አለኝ፤ ደስ ሊለው ነበር። ኖሮብኝ አያውቅም አልኩት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሁሉንም ነገርኩት፤ አክስቴን፣ ኅብረቱን፣ አትላስ የነገሩኝን። ብርጭቆውን በእጁ እንደያዘ አንዴም ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ስጨርስ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ታዲያ ከእኔ ጋር የማትበዪው ምን ሆነሽ ነው?"

መዋሸት ሰልችቶኝ ነበር። ስታኝክ እሰማለሁ አልኩት።

"እኔኮ ስለዚያ ጨጓራ በየቀኑ ጸልያለሁ" አለ። ተነስቶ ተልባውን ማጠቢያው ውስጥ ደፋው፤ እየተሳበ ሲወርድ ቆሞ ያየዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሳምንታት ምግቡን ወጥ ቤት ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ በላ። ድምፁ እንዳይሰማኝ ቀስ ብሎ እንደሚያኝክ አውቃለሁ። በሩ ውጭ ቆሜ ያን ሳስብ የሚያንገሸግሸኝ ነገር ይጠፋል። አንድ ቀን በሩን ከፍቼ ራዲዮ ይዤለት ገባሁ። ዜናውን ከፍ አድርገን፣ እሱ በሱ በኩል፣ እኔ በእኔ በኩል፣ ጀርባና ጀርባ ሆነን በላን። አሁንም እንዲሁ ነን።

የልጄ አማት ዘንድ ብቻዬን ሄድኩ። ሽማግሌ አልያዝኩም። ሳሊተ ምሕረት ከታክሲ ወርጄ በራቸው ላይ ስደርስ የቅቤው ሽታ ቀድሞ ተቀበለኝ፤ ጓዳዋ ውስጥ ዛሬም ለደንበኞቿ ታነጥራለች። ሳሎን አስገባችኝ፣ ሩቅ ተቀመጠች። የመጣሁበትን ነገርኳት፤ ስሙንም ሳልደብቅ ነገርኳት። ስትሰማኝ እጆቿን ጭኖቿ መሃል ሸሽጋ ነበር።

"እኔ ያሰብኩት እጄን ነው" አለችኝ። "ዕድሜ ልኬን ቅቤ ስይዝ ኖርኩ። ብታጠበው አይለቅም። ሐኪም ቤት የዋለች ሴት እጄ ሸተታት ብዬ ነው የተቃጠልኩት። ንገሪኝ፣ አልሸተተሽም?"

እርስዎ መባባላችንን በዚያች ጥያቄ ተወችው። አልሸተተኝም ብላት ነገሩ ያኔውኑ ያልቅ ነበር። ሸቶኛል አልኳት። የአንቺ ብቻ ሳይሆን የሁሉም ሰው እጅ ይሸተኛል፣ የእናቴም ይሸተኝ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። የሳቀች መሰለኝ፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ግን እያለቀሰች ነበር። ያንን ቀሚስ ብታጥበው ብታጥበው የእኔ ነገር አልለቀቀውም፣ ለሰው ሰጠሁት አለችኝ። ይቅርታ አልኳት። ይቅር ብያለሁ አላለችኝም። ስወጣ ግን እንደ ልማዷ ልትስመኝ ጎንበስ አለችና መሃል ላይ ቆም ብላ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አንገቷን ደፋ አደረገችልኝ።

ከልጄ ጋር ያለው ይከብዳል። አንድ እሑድ ቤቷ ሳህን ስናጥብ፣ ነገሩን ካወቅኩ ወዲህ እሷን ሳሳድጋት ያስቸገርኳት ነገር ካለ ንገሪኝ አልኳት። የለም ትለኛለች ብዬ ነበር።

"በትሪ መብላት የጀመርኩት ዩኒቨርሲቲ ስገባ ነው" አለችኝ። "ዶርም ውስጥ አንድ ላይ ቀርበን ልጆቹ ሲያጎርሱኝ አለቀስኩ። አንቺ ነበርሽ ቆሻሻ ነው ያልሽኝ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስኩት።"

ሳህኑን ደግሜ አጠብኩት። ለእሷም ጨጓራ ነው ብቻ ብላት ኖሮ አንድ ነገር ነበር። እኔ ግን የራሴን ቆዳ ችግር የሌላው ቆሻሻ ነው ብዬ አስተምሬያት፣ የራቧትን እጆች አስጠይፌያት ነበር። አቅፋኝ አታውቅም፤ እጇ በሳሙናው ውሃ ውስጥ እንዳለ ክርኗን ብቻ ክርኔ ላይ ጣል አደረገች። አልሸሸሁም። ቆዳዬ ተሸማቀቀ፣ ግን አልሸሸሁም።

ባለፈው እሑድ ልጄና ባሏ ቤት ምሳ ተጠርተን ነበር። ትልቅ ትሪ ቀረበ። ለእኔ መስኮቱ አጠገብ ለብቻዬ ሰሃንና ማንኪያ አስቀምጠውልኛል። ባለቤቴ ትንሽ አመነታና ወንበሩን ወደ ትሪው ሳበ። ከተጋባን ወዲህ ከሰው ጋር በአንድ ትሪ ሲበላ አይቼው አላውቅም ነበር። እጅጌውን ሰበሰበ። እንደ ልጅ ተስገብግቦ በላ፤ ወጥ አገጩ ላይ ወረደ፣ የልጄ አማት ትልቅ ጉርሻ ስትሰጠው በሁለት እጁ ተቀብሎ ጣቷን ሳይቀር ሊውጥ ደረሰ። እያላመጠ ያወራል፣ እያወራ ይስቃል፣ የአራት ሰው አፍ በአንድ ላይ ጧ ጧ ይላል። አንገሸገሸኝ። ፊቴን ላዞር ስል ደግሞ እንደዚህ ደስ ብሎት ያየሁት መቼ እንደሆነ ማሰብ ጀመርኩ።

ቋቅ ሲለኝ ተነስቼ በረንዳ ላይ ወጣሁ። ታች የሚጫወቱ ልጆች ነበሩ፤ ትንሽ ነፋስ ተቀበልኩ። ሲያልፍልኝ ተመልሼ ገባሁና ቦታዬ ተቀመጥኩ። ምን ሆንሽ ያለኝ ሰው የለም። ወጡ ቀዝቅዞ ነበር፤ ልጄ ሰሃኔን አንስታ ልታሞቅልኝ ወጥ ቤት ገባች።